በፎርት ዎርዝ ፖስታ የመጣው የባሮ መርከብ

አባቴ በወጣትነቱ ጋምቤላ የአንድ ቡና ነጋዴ ጸሐፊ ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነስተው ወንዙን ሽቅብ እየገፉ ይመጣሉ፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ወንዙ መጉደል ሲጀምር የካፒቴኑ ዓይን ከውሃው ላይ አይነቀልም። ጭነቱ ግማሽም ቢሆን ፊሽካውን አስጩኾ ይሄዳል፤ ከዘገየ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት መጠበቅ ነው። «መርከብ ሰው አይጠብቅም» ይለን ነበር አባቴ፣ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንጎተት። ባሮን በዓይናችን አይተን የማናውቅ የአዲስ አበባ ልጆች ስለ መርከብ የምናውቀው ስለ ከተማ አውቶቡስ ከምናውቀው ይበልጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሥራዬ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ፋርመርስ ብራንች ውስጥ በአንድ ትልቅ የፎቶ ማጠቢያ ቤት እሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ፊልሙን በየፋርማሲውና በየሱቁ ባንኮኒ በፖስታ ከትቶ ይሰጣል፤ ፖስታው ከዳላስም ከፎርት ዎርዝም በመኪና ተለቅሞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ሰዉ ፎቶው እዚያው ሱቁ ጓዳ የሚታጠብ ይመስለው ነበር። አገራችን እንደዚያ ነዋ፤ ፎቶ ቤቱ ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያስረክባል። እዚህ ግን የማን ሠርግ፣ የማን ክርስትና፣ የማን ውሻ ሳይባል ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል።

ሆዴ ገፍቶ ስምንተኛው ወር ሲገባ ሱፐርቫይዘራችን፣ አንዲት ሽበታም የቴክሳስ ሴት፣ ከጨለማ ክፍል አስወጣችኝ። «ኬሚካሉ ለልጁ አይሆንም» አለችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። እዚያ የሰጠችኝ ሥራ የአንድ ሙዚየም ካርቶን ነበር፤ ለኤግዚቢሽን የሚሆኑ የድሮ የወንዝ መርከቦች ፎቶዎች። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ከካሜራው ሥር አስተካክዬ እዘረጋለሁ፣ ቅጂውን አነሳለሁ። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ዓይን ይይዛል።

በስመ አብ፣ ያን ሁሉ መርከብ! ሁለት ረጃጅም የጭስ ማውጫ፣ ከኋላ የወፍጮ ቤት የሚያህል መዘውር፣ ጥጡ እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሮ ሰው የሚቆምበት ጠፍቶ። ሴቶቹ ጃንጥላ ዘርግተው ፎቅ ላይ ቆመዋል። ጥጡን የተሸከሙት ጥቁሮች ታች፣ ውሃው አጠገብ ናቸው። ከፎቶው ጀርባ የመርከቡ ስምና የካፒቴኑ ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ የተሸካሚዎቹ ስም የለም። እኔም በንዴት ብሩሼን እያነሳሁ የእነሱን ፊት ከሁሉም አስቀድሜ እጠርግ ነበር። ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ከሁሉም ያሳቀኝ ደግሞ እዚሁ ዳላስ፣ ትሪኒቲ ወንዝ ላይ የተነሳው ነው። ከምኖርበት ከዩለስ ወደ ሥራ ስነዳ ያንን ወንዝ በየቀኑ በድልድይ እሻገረዋለሁ፤ በበጋ ውሻ ሳይረጥብ የሚሻገረው ጭቃ ነው። በፎቶው ላይ ግን ከተማው ሁሉ ባርኔጣውን አድርጎ ዳር ዳሩን ተሰልፏል፣ መርከቧም መጥታለች። ይህንን ለአባቴ በስልክ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳል ያዘው።

«አንቺ ልጅ» አለኝ ሳሉ ሲለቀው፣ «የሰው መርከብ ስታጥቢ የእኔን ረሳሽው።»

«የአንተን መርከብ ማን ፎቶ አነሳውና አባዬ?»

«አንድ ግሪክ ነጋዴ አንስቶኛል እንጂ! መርከቧ ከኋላዬ ቆማ። በቁምጣ ነኝ። እናትሽ አፍራ ደበቀችው። የእግሬ ቅጥነት ለልጆች አይታይም ብላ።»

እናቴ በዚያን ጊዜ እኔ ዘንድ ነበረች። ለወሊዴ ቀድማ መጣች፤ እሱ የሳንባ ምርመራው አላለቀም ተብሎ ቪዛው ዘገየ። በዚያ ዓመት ከእግዜር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ መጥቶ ልጄን ታቅፎ እንዳየው። ቤት እንኳ አልለመንኩም፣ ዕድገት አልለመንኩም። ሌሊት ሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሳውን አውሮፕላን ስሰማ «ይሄኔ ይመጣ ይሆን» እላለሁ፤ ያን ያህል ነበር የፈለግኩት።

ከዚያ ስልክ በኋላ ግን የእኔና የአባቴ ሰዓት አልገጥም አለ። የአዲስ አበባው የቤታችን ስልክ ተበላሸ ተባለ። እሱ ከጎረቤት ነው የሚደውለው፤ የሚደውለው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ሥራ ላይ ስሆን ነው። ስመለስ እማዬ «ደወለ፣ ሰላም ብሎሻል፣ ብዪ ጠጪ ብሎሻል» ትለኛለች። እኔም አንዳንዴ እናደዳለሁ። «ይሄ ሰውዬ የቴክሳስን ሰዓት መቁጠር አቃተው?» እላለሁ። እማዬ ዝም ብላ ትስቃለች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመርከቦቹን ፎቶ እያገባደድኩ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ የሚቀዱ ነገሮችም ይመጡልኛል፤ የማን አያት፣ የማን የጦር ሜዳ ፎቶ፤ በየፖስታቸው። ከአንዱ ፖስታ ሳወጣ መርከብ ሆነብኝ። የሙዚየሙ መስሎኝ ከነዚያው ጋር ቀላቀልኩት፤ ጠርጌ ጠርጌ ቁጥር ልጽፍ ስገለብጠው ከጀርባው የአማርኛ ፊደል አየሁ። «ባሮ» ይላል። በሐምራዊ ቀለም። የአባቴ «ሮ» ናት፤ ጭራዋ እንደ ጅራፍ የምትጠቀለል።

መልሼ ገለበጥኩት። አንድ ቀጭን ልጅ በቁምጣ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ከኋላው መርከብ አለ፤ ከመርከቡ የተዘረጋ ሳንቃ ላይ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች እየወጡ ነው። ግንባሩ የወንድሜ ነው። ጆሮው የእኔ ነው። እግሩ እውነትም የሸንበቆ እንጨት ነው፤ ሳቅኩ። «ውይ አባዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ቤት ያሉት ሊያስደስቱኝ ብለው ከአገር ያስመጡልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ፖስታውን አየሁ። የመጣው ፎርት ዎርዝ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈው የላኪው ስም የዕድራችን ሰብሳቢ ስም ነው። ትዕዛዙም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ፊቱ ብቻ ይውጣ፣ መርከቡና ቁምጣው ይቅር፣ በትልቁ ይደግ፣ ዙሪያው ጥቁር ይሁን።

እዚያ ቤት የሚሠሩት ሁሉ ያንን ቢያነቡት ምንም አይገባቸውም። እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ? በእኛ አገር ከቡድን ፎቶ ተለይቶ፣ ጉርድ ሆኖ፣ ያን ያህል የሚያድግ ፊት ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለምርጫ ነው ወይ ለለቅሶ። አባቴ ደግሞ ለምርጫ አልተወዳደረም።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የመጣልኝ የመጀመሪያው ነገር ንዴት ነበር። እኔን ሳይነግሩኝ፣ እኔን ልጁን፣ ፎቶ ማሳደግ ላይ ደርሰዋል! ማን ሾማቸው? ዕድርተኛው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ «እርጉዝ ናት፣ አትደንግጥ፣ ከወለደች በኋላ» ብሎ ወስኗል ማለት ነው። ልማዳችንን አውቀዋለሁ፤ እኔም ራሴ ስንቱን ሰው መርዶ ተሸክሜ ፊቱ ላይ ፈግጌያለሁ። መርዶ በጠዋት ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ፖስታ ከፍተሽ አይደለም።

ንዴቱ ሲበርድ እማዬ ትዝ አለችኝ። እሁድ ደውሎ ነበር ብላኛለች፤ እንግዲያ ከእሁድ ወዲህ ነው የሆነው። እሷ አልሰማችም። ደም ብዛት አለባት፣ መድኃኒቷን እኔ ነኝ የምሰጣት፣ ዶክተሩ ድንጋጤ አይሆንም ብሏል። ዕድሩ ለሁለታችንም ቀን እየመረጠ ነው። ያ ቀን እስኪመጣ እኔ ቤት ገብቼ አውቄ እንደማላውቅ ልሆንላት ነው። ምን ይዋጠኝ!

ሱፐርቫይዘሯ ዘንድ ሄድኩ። «ይህን እኔ ልሥራው፤ ጨለማ ክፍል አስገቢኝ» አልኳት።

«ምንድን ነው?»

«አባቴ ነው።»

ፎቶውን ተቀብላ አየችውና ፊቷ በራ። «እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ! ለልደቱ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

ጓንት አስደርጋ፣ ማራገቢያውን ከፍታ አስገባችኝ። ቅጂውን አንስቼ፣ በቀዩ መብራት ሥር የማጉያ ማሽኑን ከፍ ባደረግኩት ቁጥር ከፎቶው ዳር አንድ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ ተሸካሚዎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ ሳንቃው፣ ቀጥሎ የመርከቡ ጎን። ቁምጣው ሄደ። በመጨረሻ ልጁ ብቻውን ቀረ። የት እንደቆመ፣ ለምን ደረቱን እንደነፋ የማይታወቅ አንድ ጎረምሳ። እንደዚያ ብቻውን ሳየው ነው ያለቀስኩት። ግንባሩ ላይ የነበረችውን ጭረት በቀጭን ብሩሽ ደፈንኩ፣ ዙሪያውን አጠቆርኩ፣ ትዕዛዙን እንደታዘዝኩት ፈጸምኩ። ከዚያ ለራሴ ሌላ አጠብኩ፤ ከነመርከቡ፣ ከነቁምጣው። እሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ፤ በእጄ ያዝኩት።

ቤት ስደርስ እማዬ ለገንፎው የሚሆን ዱቄት እየነፋች ነበር። «ምነው ዓይንሽ?» አለችኝ ገና በር ላይ።

«ኬሚካሉ ነው።»

«ተይ ብያለሁ ይሄን ሥራ!» አለችና ወንፊቷን አስቀምጣ ፊቴን ጠረገችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት።

የዚያን ሳምንት ነገር እንዴት ብዬ ልናገረው። እማዬ ትቀልዳለች፣ እኔ እስቃለሁ። እማዬ «አባትሽ ሲመጣ ይሄን ሶፋ ያማርራል፣ ወገቡ አይችለውም» ትላለች፣ እኔ «እንለውጥለታለን» እላለሁ። ባሌን አየዋለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ውሎ ይመጣል፣ ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል። እንደሚያውቅ አወቅኩ። «ማለቴ፣ ሥራ ቢበቃሽስ? ሶ፣ ለሱፐርቫይዘርሽ ኮል ላድርግላት?» ይለኛል በረባ ባልረባው። አልጠየቅኩትም። እሱ ምስጢር አይችልም፤ እንዳወቅኩ ካወቀ ተርበትብቶ ሽማግሌዎቹን በማግሥቱ ይጠራል፣ እማዬም ሳትዘጋጅ ትሰማለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ፤ ተጣጥቤ እወጣለሁ። እማዬ መድኃኒቷን ስትውጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። እንደዚያ ሳምንት እናቴን ፈርቻት አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ባሌ ሥራ ሄዷል። እማዬ ወጥ ቤት ቆማ የሕፃን ጨርቅ በእጇ እያጠበች ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አታምነውም። እኔ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«አባትሽ ትናንት ደውሎ ነበር እኮ» አለችኝ ዞር ሳትል።

«መቼ?» አልኩ።

«ትናንት ነዋ። ሥራ ሄደሽ።»

«ራሱ? በራሱ ድምፅ?»

«ታዲያ በማን ድምፅ ይደውል? አንቺ ደግሞ!»

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ። ሳሉም ቀለል ብሎለታል። ያቺ ልጅ መርከቦቿን አጥባ ጨረሰች ወይ አለ።»

ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ሻዩን ያስቀመጥኩበትን አላውቅም። አለ! አባቴ አለ! እኔ ሟርተኛ፣ እኔ የማልረባ፣ በቁሙ ያለ ሰው ቀብሬ አልቅሼለት! ዕድርተኛው ፎቶውን ያሳደገው ለሌላ ነገር ነው፤ ስወልድ ሊሰጡኝ ነው፤ ቁምጣውን የቆረጡት ለእማዬ ሐፍረት ሲሉ ነው፤ ጥቁሩን ዙሪያ ማን ያውቃል፣ ያምርብናል ብለው ይሆናል። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ልክ ልኩን ያዘ። ሳቅኩ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ። «እሰይ እናቴ!» አልኩና ብድግ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

«በይ አሁኑኑ ልደውልለት።»

«አሁን ቤቱ አይገኝም።»

«ጎረቤቶቹ ይጠሩልኛላ።»

«መስመሩ አይገባም፣ ቅዳሜ ነው።»

«ይሞከራል እማዬ። ድምፁን ብቻ ልስማው፣ ሌላ አልፈልግም።»

የስልክ ካርዴን አወጣሁ። ያንን ረጅም ቁጥር አንድ በአንድ መታሁት። ዝም አለ፣ ተንጫረረ፣ ከዚያ የአገር ቤቱ ጥሪ ረጅም ሆኖ ጀመረ። አንድ ጊዜ ጠራ። የእማዬ እጅ ከነሳሙናው መጥቶ ስልኩን ተጫነው። መስመሩ ተቋረጠ። እጇን አላነሳችም።

እጇን አየሁት። ቀጥሎ ፊቷን አየሁት። የያዘችውን ፊት ለቀቀችው።

«አልደወለም» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ትናንት አልደወለም። እሁድም አልደወለም።»

«ልጄ…»

«መቼ ነው?»

«አርባው ነገ ነው» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስይዘንለታል። አንቺ እስክትወልጂ ብለን ነው። ብትደነግጪስ? ልጁ ቢወርድብሽስ? እግዜር ያውቃል፣ ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ፎቶው ለነገ ነው?»

«የምን ፎቶ?»

«በቁምጣ የተነሳው። ከመርከቡ ጋር።»

«ማን አሳየሽ? ከሻንጣዬ ታች እኮ ነበር!»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ እማዬ።»

«እንዴት ተደርጎ! ፎርት ዎርዝ እኮ ነው የላክነው! የዕድሩ ሰብሳቢ ያን ሁሉ መንገድ የነዳው አንቺ እንዳታዪው ብሎ እኮ ነው!»

«ሁሉም እኛ ዘንድ ነው የሚመጣው። የሚያጥቡት እዚያ አይደለም።»

ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም በሆዴ ምክንያት ወንበሩን ይዤ፣ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሳሙናው ውሃ ከእጇ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል።

«መቼ አየሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ? ብቻሽን? ከዚህ ሆድ ጋር?»

«አንቺስ? ወሩን ሙሉ?»

«እኔማ እናት ነኝ» አለች።

ከዚያ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ግድግዳውን አየችው። የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ፖሊስ የሚጠራበት አገር ነው፤ ይህንን ባሌ አስጠንቅቋታል። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችው። ጨርቁ አዲስ አልነበረም፤ ጫፉ በጥርስ ተበልቶ አልቋል። ወሩን ሙሉ እኔ ሥራ ስሄድ እንደዚያ ስታለቅስ ኖራለች።

እጇን ያዝኩና ነጠላውን ከአፏ አወጣሁት።

«ጩኺ እማዬ።»

«ፖሊስ…»

«ይምጣ።»

«ልጁስ?»

«ልጁም ይስማ። አያቱ ነው።»

እናቴ አባቴን በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ «አንተ ሰው» ነበር የምትለው። ያን ቀን በስሙ ጠራችው። ደጋግማ፣ ደረቷን እየመታች፣ ጎረቤቱ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ጠራችው፤ እኔም «አባዬ» እያልኩ ተከተልኳት።